ሦስት የኢሜይል አድራሻ በአንድ ኢንቦክስ፦ መልሱ በየትኛው ስም ይውጣ?

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ባለች ጠባብ ቢሮ የአስመጪዎችን ሰነድ ማዘጋጀትና ከጅቡቲ ጋር መጻጻፍ የዕለት ሥራዬ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው አንድ ኢሜይል ብቻ ይዞ አይገኝም፤ በተማሪነቱ ዘመን ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጦ የከፈተው የያሁ አድራሻ አለው፤ ስልክ ሲገዛ ግድ ሆኖበት የከፈተው ጂሜይል አለው፤ ንግድ ፈቃድ ሲያወጣ ደግሞ ለድርጅቱ ሌላ ይጨምራል። እኔም እንዲሁ ነበርሁ። አድራሻዎቼን ወደ አንድ ኢንቦክስ ሰብስቤ እፎይ ባልሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጅቡቲ ያለ አንድ የመርከብ ወኪል ለድርጅቱ አድራሻ ለላከው ጥያቄ ሳላስተውል በግል አድራሻዬ መለስሁለት። ወኪሉ አድራሻውን ስለማያውቀው ዕቃው ከወደብ እንዲወጣ የሚያስፈልገውን ሰነድ፣ ዴሊቨሪ ኦርደሩን፣ ይዞ ዝም አለ። ሦስት ቀን ጠብቄ ስደውል ነው ነገሩ የገባኝ፤ ዕቃው በወቅቱ ባለመነሣቱ የሚከፈለው ቅጣት፣ ዲመሬጁ፣ ግን እስከዚያ ድረስ በዶላር ሲቆጠር ነበር። ወኪሉን አልወቅሰውም፤ ከማያውቀው አድራሻ ለተጻፈለት ሰነድ አለመስጠቱ ልክ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምነግራቸው ይህንን ነው፦ ኢሜይሎችን ወደ አንድ ቦታ ማምጣት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ጥንቃቄ የሚሻው መልሱ በትክክለኛው አድራሻ እንዲወጣ ማድረግና ወደ ኋላ የቀሩት አድራሻዎች ሳይታወቅ እንዳይዘጉ መጠበቅ ነው።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ወረቀት ይዘው ያሉዎትን አድራሻዎች በሙሉ ይጻፉ፤ በእያንዳንዱ አጠገብም የይለፍ ቃሉን ያስታውሱት እንደሆነና የትኛው ስልክ ቁጥር እንደተመዘገበበት ያስፍሩ። ታይዋን ገበያ ሱቅ ያላቸው አንድ ነጋዴ ይህንን ሲያደርጉ ከአራቱ አድራሻዎቻቸው ሁለቱ የተመዘገቡት ከጠፋባቸው ብዙ ዓመት በሆነው ቁጥር ሆኖ አገኙትና፣ «አቦ፣ ቁልፉ ከኔ ጋር ነው፣ በሩ የሌላ ሰው!» አሉ። የተተወ ስልክ ቁጥር ውሎ አድሮ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ስለሚችል፣ የማረጋገጫ ኮዱም ወደዚያ ሰው ሊሄድ ይችላልና አባባላቸው ቀልድ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ወደ እያንዳንዱ አድራሻ ገና መግባት በሚችሉበት ጊዜ አሁን በእጅዎ ያለውን ቁጥር ያስመዝግቡ። የመልሶ ማግኛ አድራሻዎቹንም ይመልከቱ። ብዙ ሰው ጂሜይሉ ሲጠፋበት በያሁ፣ ያሁው ሲጠፋበት ደግሞ በጂሜይሉ እንዲመለስለት አድርጎ ያስቀምጣል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ከተቆለፉ ግን የአንዱ ቁልፍ በሌላው ውስጥ ተዘግቶ ቀረ ማለት ነው።

ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ዋና አድርገው ይምረጡ። እዚህ ላይ ጂሜይልን እንደ ዋና ወስጄ እጽፋለሁ፤ በአካባቢያችን አብዛኛው ሰው በአንድሮይድ ስልኩ ላይ ያለው እርሱ ነው። ነፃው አካውንት 15 ጊጋባይት ቦታ ይሰጣል፤ ይህ ቦታ ግን ለኢሜይሉ ብቻ ሳይሆን ለጉግል ድራይቭና ለጉግል ፎቶስ ጭምር የጋራ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ድራይቩን ከሞላው ኢሜይልም መቀበል ያቆማል። ዋናው አድራሻ የሁሉም መግቢያ ስለሚሆን ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩለት፤ ሲያበሩም የሚሰጡዎትን 10 የመጠባበቂያ ኮዶች አትመው ከንግድ ፈቃድዎ ጋር በአንድ ፋይል ያኑሩ።

ወደ ሥራው ስንገባ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው አድራሻዎቹን ሳይቀላቅሉ በስልኩ የጂሜይል መተግበሪያ ጎን ለጎን ማየት ነው። ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን የራስዎን ምስል ነክተው «አድ አናዘር አካውንት» የሚለውን ይመርጣሉ፤ መተግበሪያው የጉግልን ብቻ ሳይሆን የያሁና የአውትሉክ አድራሻዎችንም ይቀበላል። ከዚያ በግራ በኩል ያሉትን ሦስት መስመሮች ሲነኩ ከሚወጣው ዝርዝር አናት ላይ «ኦል ኢንቦክስስ» የሚል ያገኛሉ፤ የሁሉም መልእክት በአንድ ተርታ የሚታየው በእርሱ ነው። በዚህ መንገድ ለመጣ መልእክት መልስ ሲሰጡ መልሱ ራሱ በመጣበት አድራሻ ይወጣል፤ አዲስ መልእክት ሲጽፉ ግን «ፍሮም» በሚለው መስመር ላይ ያለውን አድራሻ ማየት የእርስዎ ኃላፊነት ነው። በኮምፒውተር የማይሠራ ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም ባይ ነኝ፤ ቀጣዩን ቢተወው አይጎዳም።

የያሁ አድራሻ ያለው ሰው ምርጫውም ይኸው ነው። ያሁ በነፃ አድራሻዎች ላይ መልእክትን በራሱ ወደ ሌላ አድራሻ የማስተላለፉን አገልግሎት ከ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ አቋርጦ ለሚከፍሉ ደንበኞች ብቻ አድርጎታል። ቆየት ያሉ መመሪያዎች ደግሞ ጂሜይል ራሱ ሄዶ የሌላውን አድራሻ መልእክት እንዲያመጣ በ«ቼክ ሜይል ፍሮም አዘር አካውንትስ» በኩል ማገናኘትን ይመክራሉ፤ ጉግል ይህንን አገልግሎት በ2026 እ.ኤ.አ. እንደሚያቋርጥ ስላስታወቀ፣ አሁን በእርሱ ላይ መደገፍ አይበጅም።

ሁለተኛው መንገድ ፎርዋርድ ማድረግ፣ ማለትም ወደ አንዱ አድራሻ የመጣው መልእክት በራሱ ወደ ዋናው እንዲተላለፍ ማዘዝ ነው። ይህ በስልኩ መተግበሪያ ውስጥ ስለሌለ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ወደ ዋናው ሳይሆን ወደ ሁለተኛው ጂሜይል ይግቡ፤ የጥርስ ማርሽ የምትመስለውን ምልክት ተጭነው «ሲ ኦል ሴቲንግስ» ውስጥ ሲገቡ «ፎርዋርዲንግ ኤንድ ፖፕ አይማፕ» የሚል ርእስ ያገኛሉ። እዚያ ዋናውን አድራሻ ሲያስገቡ ጉግል ወደ ዋናው አድራሻ የማረጋገጫ መልእክት ይልካል፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰው ኢንቦክስ በመልእክት እንዳይጥለቀለቅ ነው ይህ የሚደረገው። በመልእክቱ ውስጥ ያለውን ሊንክ ከተጫኑ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። ወደ ሴቲንጉ ተመልሰው ገጹን ያድሱ፣ መልእክቱ እንዲተላለፍ የሚያዝዘውን ነጥብ ይምረጡ፣ ከጎኑም ቅጂው በቦታው እንዲቀር የሚያደርገውን «ኪፕ» የሚል አማራጭ ይውሰዱ፤ ከዚያ ወደ ገጹ ግርጌ ወርደው «ሴቭ ቼንጅስ» ይበሉ። እንድደርስላቸው ከጠሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ የቀራቸው ይህችው የመጨረሻዋ ቁልፍ ነበረች።

የመሥሪያ ቤት አድራሻ ግን የተለየ ነው። ኃላፊው ካልፈቀደ በቀር የመሥሪያ ቤትን ደብዳቤ ወደ ግል ኢንቦክስ ማስተላለፍ ተገቢ አይመስለኝም፤ ብዙ ተቋማትም መንገዱን ከላይ ይዘጉታል።

አሁን እኔ ወደ ተሰናከልሁበት ነጥብ ደረስን። ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ዋናው ኢንቦክስ ውስጥ ስለሚያርፍ፣ ሌላ ነገር ካላዘዙት በስተቀር መልሱ በዋናው አድራሻ ይወጣል። ይህንን ለማስተካከል በዋናው አድራሻ ሴቲንግ ውስጥ «አካውንትስ ኤንድ ኢምፖርት» የሚለውን ይክፈቱ፤ «ሴንድ ሜይል አስ» በሚለው ሥር «አድ አናዘር ኢሜይል አድሬስ» የሚለውን ሲጫኑ ትንሽ መስኮት ይወጣል። መጀመሪያ ስም ይጠይቅዎታል። የድርጅቱ አድራሻ ከሆነ የድርጅቱን ስም ልክ በንግድ ፈቃዱ ላይ እንደሚነበበው ይጻፉ፤ ተቀባዩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ይህንን ነው። ከሥሩ ያለችው «ትሪት አስ አን ኤሊያስ» የምትል ምልክት አድራሻው የራስዎ ከሆነ ትኑር፤ በአለቃዎ ወይም በሌላ ሰው ስም የሚጽፉ ከሆነ ግን ያንሡት።

ቀጥሎ የላኪውን ሰርቨር፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሰዎች ተስፋ ቆርጠው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው፤ ትክክለኛውን የይለፍ ቃል እየጻፉ «ተሳስተዋል» ይባላሉና። ጂሜይል በዚህ ቦታ የዘወትሩን የይለፍ ቃል አይቀበልም፤ የሚቀበለው «አፕ ፓስወርድ» የሚባለውን 16 ፊደል ነው። እርሱን ለማግኘት በሁለተኛው አድራሻ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መብራት አለበት፤ ከዚያ በዚያው አካውንት የሴኪዩሪቲ ገጽ በኩል ይወጣል፤ የሚታየውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የፖርት ቁጥሩ 587 ሲሆን ከሥሩ «ቲኤልኤስ» የሚለው ይመረጣል። በመጨረሻ የማረጋገጫ ኮድ ወደ ሁለተኛው አድራሻ ይላካል፤ ፎርዋርዱን አስቀድመው ስለሠሩት ኮዱ ራሱ ዋናው ኢንቦክስ ውስጥ መጥቶ ይጠብቅዎታል። ይህ ሁሉ አልቆ ወደ ሴቲንጉ ሲመለሱ፣ መልስ በየትኛው አድራሻ ይሂድ የሚል አዲስ ምርጫ ተጨምሮ ያገኛሉ። መልእክቱ በደረሰበት በዚያው አድራሻ እንዲመለስ የሚያዝዘውን ይምረጡ። እኔ ያላደረግሁት ይህንን ነበር፤ ሦስት ቀን የዲመሬጅ ክፍያ የዋለው በዚህች አንዲት ነጥብ ላይ ነው።

መልእክቶቹ ሲቀላቀሉ እንዳያሳስቱ ሌብል፣ ማለትም መለያ ስም፣ ይስጧቸው። በፍለጋው ሣጥን ዳር ያለውን ምልክት ነክተው «ቱ» በሚለው ቦታ ሁለተኛውን አድራሻ ይጻፉ፣ «ክሬት ፊልተር» ብለው የድርጅቱን ስም የያዘ ሌብል ያያይዙ፣ ቀለምም ይስጡት፤ የእኔ ብርቱካናማ ነው። እዚያው ያለውን «ስኪፕ ዘ ኢንቦክስ» ግን አይንኩት፤ መልእክቱን ከኢንቦክስ አውጥቶ ስለሚደብቀው የተነሣንበትን ዓላማ ያፈርሳል። በነገራችን ላይ፣ ለየምዝገባው አዲስ አድራሻ የሚከፍቱ ሰዎች ያን ያህል መድከም የለባቸውም። በጂሜይል አድራሻዎ ውስጥ ከአት ምልክቱ በፊት የመደመር ምልክትና አንድ ቃል ቢጨምሩ መልእክቱ ለእርስዎ ይደርሳል፤ በዚያ ቃልም ፊልተር ማበጀት ይችላሉ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው አሮጌዎቹን አድራሻዎች በሕይወት ማቆየት ነው። ጉግል ለ2 ዓመት ያልተገባባቸውን የግል አካውንቶች ሊሰርዝ እንደሚችል ደንግጎ ከ2023 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ አንሥቶ መሰረዝ ጀምሯል፤ የያሁ ገደብ ከዚህም ያጠረ፣ 12 ወር ነው። መልእክት ፎርዋርድ ስለሆነ ብቻ አካውንቱ እንደተገባበት ይቆጠራል ብሎ መተማመን አይገባም፤ ራስዎ መግባት አለብዎት። ለመግባት ሌላም ምክንያት አለ፤ ጂሜይል ስፓም፣ ማለትም ያልተፈለገ መልእክት፣ ብሎ የለየውን ፎርዋርድ አያደርግም። እኔ በየወሩ መጀመሪያ፣ የቤት ኪራይ በምከፍልበት ቀን፣ በየአድራሻው ገብቼ የስፓም ሣጥኑን እቃኛለሁ፤ አንድ ጊዜም የአንድ አስመጪ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ ሰነድ) እዚያ ወድቆ አግኝቻለሁ።

ሁሉንም ጨርሰው ከደንበኛ ጋር ከመጻጻፍዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። አጠገብዎ ያለ ሰው ከራሱ ስልክ ወደ እያንዳንዱ አድራሻዎ በየተራ አጭር መልእክት ይላክልዎ፤ እርስዎ ለሁሉም ከዋናው ኢንቦክስ ይመልሱለት፤ ከዚያ ስልኩን ተቀብለው መልሱ ከማን እንደመጣ የሚያሳየውን መስመር ነክተው ዘርግተው ያንብቡ። የድርጅቱ መልእክት በድርጅቱ አድራሻ፣ የግሉ በግሉ ተመልሶ ካዩ መልካም ነው። ካልሆነ ወደ «አካውንትስ ኤንድ ኢምፖርት» ይመለሱና ያቺን የመልስ ነጥብ እንደገና ይመልከቷት።