የሚጎትት ውሻ በደሴ ዳገት

ውሻ ማሰሪያውን የሚጎትተው ስለሚያዋጣው ነው። ወደ ቆሻሻ ክምሩ ጎተተ፣ ደረሰ፤ ወደ በጉ ጎተተ፣ ደረሰ። ተጎትታችሁ የተራመዳችሁት እያንዳንዱ እርምጃ ለእሱ ደሞዝ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ ማሰሪያው ሲወጠር መንገዱ ይዘጋል፣ ሲረግብ ይከፈታል። ደሴ ላይ ይህን የሚያበላሸው ዳገቱ ነው። ከፒያሳ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ሲወጣ፣ ከፊት የሚጎትት ውሻ ለሰው ጉልበት ይመቻል፤ ባለቤቱም ሳያስበው እየተሳበ ይወጣል። ሲመለስ ያው ውሻ ቁልቁለቱ ላይ እንደዚያው ይጎትታል፣ ስድቡም ያኔ ይጀመራል። ውሻው ግን ያደረገው ከግማሽ ሰዓት በፊት የተፈቀደለትን ነው።

ሰንሰለቱን ለግቢው ተዉት። ከባድ ስለሆነ ሲረግብም አንገቱን ይጎትታል፤ ውሻው የወጠረውንና የረገበውን ለይቶ ሊያውቅ አይችልም፣ ትምህርቱ ደግሞ ያለው እዚያ ልዩነት ላይ ነው። የሚያስፈልገው ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ የናይለን ወይም የቆዳ ማሰሪያ ነው። ከገበያ ካጣችሁ ጠንካራ የሻንጣ ማንገቻ ገዝታችሁ ለጫማ ሰፊ ስጡት፤ በድርብ ክር ሰፍቶ መንጠቆ ይገጥምለታል። እንደ ሜትር እየተፈታ የሚጠቀለለው ባለ ስፕሪንግ ማሰሪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሁልጊዜ የተወጠረ ስለሆነ መጎተትን ራሱ ያስተምራል።

የአንገት ቀበቶው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ፣ ውሻው ደንግጦ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጭንቅላቱን አሹልኮ ያመልጣል። ከመውጣታችሁ በፊት ግቢ ውስጥ ቀበቶውን በቀስታ ወደ ጆሮው ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት። በጣም ጉልበተኛ ከሆነ ቀለበቱ ደረቱ ላይ ያለ የደረት ማሰሪያ ይሻላል፤ ሲጎትት ወደ እናንተ ያዞረዋል። ቀለበቱ ጀርባ ላይ ያለው ግን እንደ ጋሪ ፈረስ በሙሉ ደረቱ እንዲስብ ያመቻቸዋል። ማሰሪያውን የእጅ አንጓችሁ ላይ አትጠምጥሙ። ባጃጅ አስደንግጦት ከሮጠ አንጓው ይጎዳል ወይም አብራችሁ ትወድቃላችሁ። አውራ ጣታችሁን በማሰሪያው መያዣ አስገብታችሁ ጨብጡት፣ በሌላው እጅ መሀሉን ያዙ።

ለጉርሻ ጉበት የሚስተካከለው የለም። 100 ግራም ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ተቀቅሎ በሽምብራ ፍሬ ልክ ከተከተፈ ለአንድ ቀን ልምምድ ይተርፋል። ሽንኩርት አይግባበት፤ የውሻን ደም ይጎዳል፣ ስለዚህ ከወጥ የተረፈ ሥጋም አይሆንም። በየቀኑ ጉበት ብቻ መስጠትም ጥሩ ስላልሆነ ከተቀቀለ ሳንባ ጋር አፈራርቁት። በጾም ሰሞን ቤት ውስጥ ሥጋ መቀቀል የማይፈልግ ቤተሰብ በርበሬ ያልነካው ዳቦ ቆሎ ሊጠቀም ይችላል፣ ግን ጠንካራ ስለሆነ ውሻው ቆሞ ያኝከዋል፣ እርምጃውም ይቋረጣል። በጣት የተቆረሰ ለስላሳ ዳቦ የተሻለ ነው።

ትምህርቱ የሚጀመረው ማሰሪያው ከተሰቀለበት ሚስማር ሲወርድ ነው። ቀኑን ታስሮ የዋለ ውሻ ከሆነ አስቀድሞ 10 ደቂቃ ግቢ ውስጥ ጨርቅ እያባረረ ይሩጥ፤ ይህ የታመቀውን ጉልበት ያወጣለታል። ከዚያ ማሰሪያውን አንሱ። ከዘለለ ምንም ሳትናገሩ መልሳችሁ ስቀሉት። «ተው! ኧረ ተው!» እያሉ መጮህ ለእሱ አብሮ መጮህ ነው፣ ይበልጥ ይሞቀዋል። አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ እንደገና አንሱ። በመጀመሪያው ቀን ይህ 15 ጊዜ ሊደጋገም ይችላል፤ ወደ እርምጃው ሳትደርሱ ቢመሽም ይምሽ። በሩም እንደዚሁ ነው፦ አንድ ስንዝር ክፈቱት፣ ከተወረወረ አፍንጫውን ሳትመቱ መልሱት። ገታ ብሎ ቀና ሲልላችሁ «ጎሽ» በሉ፤ የመውጫው ቀን ሲደርስም እናንተ ቀድማችሁ ውጡ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከግቢ አይውጣ። ውሻውን በግራችሁ አድርጉት፤ ኋላ በመንገዱ ግራ ጠርዝ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያያችሁ ስትሄዱ እሱ በአጥሩ በኩል ይሆናል። አንድ እርምጃ ተራመዱ። ማሰሪያው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ መሀሉ ረግቦ ከተንጠለጠለ ወዲያው «ጎሽ» በሉና ጉርሻውን ከሱሪያችሁ የጎን ስፌት አጠገብ፣ በጉልበታችሁ ትይዩ ስጡት። ቦታው ወሳኝ ነው። ከፊታችሁ ከሰጣችሁት ፊታችሁ እየተሻገረ ያደናቅፋችኋል፤ ከፍ አድርጋችሁ ከያዛችሁት ይዘላል። «ጎሽ» ከዘገየም ሌላ ነገር ታስተምራላችሁ፦ ሦስት ሰከንድ ቆይታችሁ ያመሰገናችሁት ምናልባት መጮሁን ነው። አንዱ እርምጃ ሲያዝ ወደ 3፣ ወደ 5፣ ወደ 10 አሳድጉት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ወደ 2 መልሱት። በቀን 3 ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ከአንድ ረጅም ልምምድ ይበልጣል።

ሲወጠር ቁሙ። እጃችሁ አብሮት ወደ ፊት እንዳይዘረጋ ክንዳችሁን ሆዳችሁ ላይ ለጥፉ፤ የተዘረጋች አንዲት ክንድ እንኳ ለእሱ ትርፍ ናት። ሃያ ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል፣ አንድ ደቂቃም። ዞር ብሎ ሲያይ ወይም አንድ እርምጃ ሲመለስ ገመዱ ይረግባል፤ «ጎሽ»፣ መንገድ ይቀጥላል። ክፍያው ምግብ ብቻ አይደለም፣ የሚወደው ነገርም ነው፦ ግንድ ማሽተት ከፈለገ ረግቦ 5 እርምጃ ሲሄድላችሁ «በል» ብላችሁ ልቀቁት፣ ያሽትት።

መንጨቅ የብዙ ሰው ስህተት ነው። የመተንፈሻ ቧንቧውን ይጎዳል። ከዚህም በላይ ውሻው ሕመሙን የሚያገናኘው በዚያች ቅጽበት ካየው ነገር ጋር ነው፤ ሕፃን እያየ ከተነጨቀ ሕፃን ሲያይ መጮህ ይጀምራል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን አካባቢ ጉተታው ብሶ ቢታይ አትደንግጡ። የለመደው ዘዴ እምቢ ሲለው ጠንከር አድርጎ እየሞከረ ነው። እዚህ ላይ ተሸንፋችሁ ከተራመዳችሁ፣ መንገድ የሚከፈተው አብዝቶ ለጎተተ መሆኑን አስተምራችሁታል። ጠዋት እናት እየቆመች፣ ማታ ወንድ ልጇ እየተሳበ የሚሄድበት ቤትም የትም አይደርስም። የግድ ቸኩላችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ስትወስዱት ማሰሪያውን ጀርባው ላይ ካለ ቀለበት ጋር አያይዙት፤ የአንገቱ ሕግ ሳይሰበር ይቀራል።

ወደ መንገድ ስትወጡ ሰዓት ምረጡ። ደሴ ላይ ተማሪ ክፍል ከገባ በኋላ፣ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለችና የምትሞቅ ስለሆነች ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ 7 ሰከንድ ማቆየት ካልቻላችሁ ለእሱም መዳፍ ያቃጥላል። ሲመሽ ጅብ አለ፣ ውሾችም በመንጋ ይወጣሉ።

በግና አህያ የሚርመሰመሱበት ሰኞ ገበያ ለጀማሪ አይደለም። ልኩን የሚነግራችሁ ጉርሻው ነው፦ በጉን እያየ ከእጃችሁ የሚበላ ከሆነ ርቀቱ ይበቃል፤ ጉበት እንኳ አልቀበል ካለ በጣም ቀርባችኋል። ዞራችሁ 20 እርምጃ ራቁና እንደገና ጀምሩ።

የመንገድ ውሻ ሲመጣ ማሰሪያውን ወጥራችሁ አትያዙ፤ ውጥረቱ ፍርሃታችሁን ለውሻችሁ ያሻግራል። በረጅም ግማሽ ክብ ዞራችሁ እለፉ። የመንገዱ ውሻ ከተጠጋ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። ውሻችሁ ከ3 ወሩ ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደና በየዓመቱ የሚደገምለት መሆን አለበት። ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይኬድ።

ለሶላት የሚሄድ ጎረቤት የውሻ ምራቅ ልብሱን ከነካው ማጠብ ግዴታው ነው። ስለዚህ ሰው ሲመጣ ውሻውን ወደ አጥሩ አስጠግታችሁ ቁሙ፣ አሳልፉ። ሰላምታውም እዚህ አገር አጭር አይደለም፤ የቤተሰቡ ደኅንነት እስኪጠየቅ ውሻው ይሰለቻል፣ ይዘላል። ማሰሪያውን ቆሞ ለመተንፈስ ብቻ በሚበቃ ርዝመት እግራችሁ ሥር ርገጡት፤ መዝለል ሲያቅተው ቶሎ ይረጋጋል። ዝም ብሎ በቆመ ቁጥር አንድ ጉርሻ። አንዳንዶች እንዲያውም የማረጋጊያ ቃል አድርገው «አብሽር» አስለምደውታል።

ቁልቁለቱ የመጨረሻው ክፍል ነው። ሜዳ ላይ ያለ ክፍያ 50 እርምጃ ረግቦ የሚሄድ ውሻ ብቻ ይሞክረው። ቀጥ ብላችሁ አትውረዱ፤ መኪና በሌለበት መንገድ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ እያዘመማችሁ ውረዱ፣ በየ5 እርምጃው ቁሙ፣ ጉርሻውን ከጉልበታችሁ ኋላ ስጡት። ሐምሌና ነሐሴ ኮብልስቶኑ ሲረጥብ ግን ቁልቁለቱን ለመስከረም አቆዩት።