«እንደፈለግሽ» አላት፣ እሷም ሄደች፦ ኦቲዝም ስላላት ሴት የፍቅር ልብወለድ ለምትጽፉ

የልብወለዴን የመጀመሪያ ረቂቅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖረው ታናሽ እህቴ በቴሌግራም ላክሁላት። 212 ገጹን በቀይ አዥጎርጉራ መለሰችልኝ። ገጽ 9 ላይ «ይቺ ሴትዮ ሮቦት ናት?» ትላለች። ገጽ 40 ላይ «እኛም እኮ እናፈቅራለን» ብላለች። ገጽ 131 ላይ ዋናዋ ገጸ ባሕርዬ በፍቅር «ተፈውሳ» ሠርግ ቤት እስክስታ ስትመታ ግን አስተያየት እንኳ አልሰጠችም፤ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ሰርዛዋለች።

እህቴ ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን፣ ድምፅና ንክኪ መቀበልን የተለየ የሚያደርግ፣ አብሮ የሚወለድ የአእምሮ አሠራር) እንዳላት ያወቀችው በ34 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ልጇ ተመረመረ፤ ሐኪሟ የልጁን ጠባይ ስትዘረዝርላት «ይሄማ እኔ ነኝ» አለች። ያረመችልኝ የመጀመሪያ ቃልም «ኦቲዝም ያለባት» የሚለውን ነበር። «ያለባት የሚባለው ዕዳ ነው። ያላት በይ» አለችኝ። እኔም ብያለሁ።

ተለያይተው የቆዩ ፍቅረኞች ዳግመኛ የሚገናኙበትን ታሪክ ስትጽፉ ከመለያየቱ ጀምሩ። በመጽሐፉ ውስጥ ቀድሞ ይምጣ ማለቴ አይደለም፤ እናንተ ቀድማችሁ ጻፉትና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት፣ አንባቢው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ምዕራፍ ላይ ይድረስበት። የመለያየቱ ምክንያት ያልደረሰ ደብዳቤ ወይም ምቀኛ ጓደኛ ከሆነ አንባቢ «ታዲያ ለምን አይደዋወሉም?» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋዋል። በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ምክንያቱ አፋችን ላይ ነው ያለው። ርቦን «ጠግቤያለሁ» እንላለን። ሳንስማማ «ይሁን» እንላለን። ተቆጥተን «እንደፈለግሽ» እንላለን። ሰሙን ብቻ የምትሰማ ሴት ከወርቅ ተናጋሪ ጋር ብትዋደድስ?

በእኔ ታሪክ ባሕር ዳር ሥራ አገኘች። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብላ ጠየቀችው፣ የምሯን። «እንደፈለግሽ» አላት። መሄድ ፈልጋ ነበርና ሄደች። እሱ አውቶቡስ ተራ ቆሞ፣ መኪናው በር እስኪወጣ ድረስ፣ ትወርዳለች ብሎ ጠበቀ። ሰባት ዓመት ተለያዩ። ክፉ ሰው የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔ ገብቼበታለሁ። ጥፋቱን ሁሉ «እሷ ስላልገባት» ላይ ከጣላችሁ፣ የቀረው መጽሐፍ እሷን የማስተማር ታሪክ ይሆናል። ዴሚያን ሚልተን የተባለ፣ ራሱም ኦቲዝም ያለው እንግሊዛዊ ምሁር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ አወጣኝ። አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን ነው ይላል፤ ኦቲዝም የሌላቸውም ሰዎች ኦቲዝም ያላቸውን ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ለእሱም ያላነበበው ነገር ስጡት። የእኔዋ ከመሄዷ በፊት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄዳ ጠይቃ፣ ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል የሚመለሱትን አውቶቡሶች መነሻ ሰዓት በእጇ ጽፋ፣ አሥምራ ሰጠችው። እሱ «ደረቅ ሴት! መሸኛ ብላ የሰዓት ዝርዝር ትሰጠኛለች» ብሎ ጣለው። የፍቅር ደብዳቤዋ ያ ዝርዝር ነበር። ይሄን ትዕይንት ከጻፍሁ በኋላ ነው መጽሐፉ መጽሐፍ የሆነው።

ቀጥሎ ዘመኑን አስሉ። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ ከገለጻቸው 11 ልጆች ሴቶቹ 3 ብቻ ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ነገሩ የወንድ ልጅ ተደርጎ ታየ። እኛ ዘንድ ደግሞ ተጨማሪ መሸፈኛ አለ። ሌላ አገር ሐኪም «ዓይን ለዓይን ታያለች?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ዓይኗን የምትሰብር ልጅ ጨዋ ናት፤ ዝም የምትል ጭምት ናት፤ ትልቅ ሰው ላይ የምታፈጠዋን ነው የሚቆጧት። የእኔዋ እስከ 18 ዓመቷ የሰፈሩ ምሳሌ ነበረች። ለትዳር ስትደርስ ያው ዝምታዋ «ኩራት» ተባለ። ጠባይዋ ሳይለወጥ ስሙ የተለወጠበትን ያን ጊዜ በአንድ አንቀጽ አትለፉት፤ ምዕራፍ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ፍቅር በ1980ዎቹ ከሆነ ኦቲዝም የሚለውን ቃል በማንም አፍ አታስገቡ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ያኔም ቢሆን ወሬው ስለ ሕፃናት እንጂ ስለ ትልልቅ ሴቶች አልነበረም። በተለያዩባቸው ዓመታት ቃሉን ታግኘው። ስትመለስ የተለወጠው ይሄ ይሁን፤ ስለ ራሷ የምትናገርበት ቃል አላት። እናቷ ጠበል ወስደዋት ከነበረ አትሣለቁ፤ የውሃውን ብርድና የሰዉን ግፊያ ከእሷ ቆዳ ሆናችሁ ጻፉት፣ ይበቃል።

ዳግም የሚገናኙበትን ቦታ ካፌ አታድርጉት። ካፌ ለጸሐፊ ይመቻል፣ ለታሪኩ ምንም አይጨምርም። እኔ ለቅሶ ቤት አደረግሁት፤ ማንም የማይቀርበት፣ አለመምጣት የማይቻልበት ቦታ ነውና። ድንኳኑ ውስጥ የሸራው ሽታ፣ የፕላስቲክ ወንበር ሲጎተት የሚያወጣው ድምፅ፣ የማታውቀው ሰው ጉንጭ ሦስት አራት ጊዜ፣ ከጓሮ ዕጣን፣ ሙቀጫ። ሁሉንም በአንዴ አትዘርግፉት፤ አንድ በአንድ ይደራረብባት። እሷ አታለቅስም፤ የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ መካከል እየፈተለች ወንበር ትቆጥራለች። ሴቶቹ ያሟታል። እሱ ግን ጣቶቿን ያያል፣ ያውቃቸዋል፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወጥታ የምትቆምበትን ጥግ ያስለቅቅላታል። ስትጨናነቅ ቃል ይጠፋባታል፤ አለመናገሯ ማኩረፍ እንዳልሆነ አንባቢው ከእሱ በፊት ይወቅ።

ለእህቴ ጥለቱን ስነግራት ስልኩ ላይ ዝም አለች። «የእኔ የሹራብ ክር ነበር» አለች በመጨረሻ።

አንተና እርስዎ ላይ ተጠንቀቁ። እንግሊዝኛ ይሄ መሣሪያ የለውም፣ እኛ አለን። ከሰባት ዓመት በኋላ እሱ አፍሮ «ደህና ነዎት?» ቢላት፣ እሷ ግን ትናንት የተለያዩ ይመስል «አንተ፣ ከሳህ» ብትለውስ? ለእሷ የተለወጠ ነገር የለም፤ በግልጽ አልተነገራትማ።

የምትወደው ነገር ይኑራት፣ ጥልቅ የሆነ። ሒሳብ አዋቂ አታድርጓት፣ ሰልችቶናል። የእኔዋ አራሚ ናት፤ ሰ እና ሠ ያሳብዷታል። ሰአለ ለመነ ነው፣ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፤ እሱ የድሮ ደብዳቤው ላይ «እስእልሻለሁ» ብሎ ሊለምን ፈልጎ በሠ ጽፎት ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ «ምን ብሎ ነው የሚሥለኝ?» ስትል ኖራለች። እውቀቷ ከታሪኩ ሥር ይግባ እንጂ እንደ ጌጥ አይንጠልጠል።

ቅዱስም አታድርጓት። የእኔዋ ግትር ናት፣ አንዴ የዘጋችውን በር መልሳ አትገፋም፣ ከሄደች በኋላም አንዴ እንኳ ደውላ አልጠየቀችውም። እሷም ይቅርታ የምትጠይቅበት ገጽ አለ።

ሽማግሌ የምትልኩ ከሆነ ቀልዱ ራሱ ይመጣል። ሦስት አዛውንት ለግማሽ ሰዓት በምሳሌ ሲናገሩ ቆይተው፣ «አባቶቼ፣ ጥያቄው ምንድን ነው?» ትላለች። ሳቁ ግን በእነሱ እንጂ በእሷ ላይ አይሁን።

ስለ አልጋው በአጭሩ፦ ሕፃን አይደለችም፣ ፍላጎት አላት። ብዙዎች ቀላል ዳበሳ ያስበረግጋቸዋል፣ ጠበቅ ያለ እቅፍ ያሳርፋቸዋል፤ ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። ገጸ ባሕርያችሁ የትኛው እንደሚሻላት ትናገር፣ እሱም ይጠይቅ። ጥያቄው ትዕይንቱን ያቀዘቅዛል ብላችሁ ከፈራችሁ፣ ምናልባት ትዕይንቱ ድሮም አልሞቀም።

ከማሳተማችሁ በፊት ኦቲዝም ያላት ሴት ታንብብላችሁ፣ ለድካሟም ክፈሏት። እህት ስላለኝ እኔ የከፈልሁት በርበሬና ሽሮ ነው።

የተሰረዘውን የሠርግ ምዕራፍ በአንድ የስልክ መልእክት ተካሁት። እሱ ይጽፍላታል፦ «ቅዳሜ በ9 ሰዓት፣ እናቴ ቤት። 5 ሰው ይኖራል። ቡና አለ፣ ዕጣን የለም። በ11 ሰዓት እንወጣለን። እንድትመጪ እፈልጋለሁ።» ይሄንንም ላክሁላት። እህቴ በቀይ የጻፈችበት አንድ መሥመር ብቻ ነው፦ «5ቱ እነማን ናቸው?»