የአኪዩት ማየሎይድ ሉኪሚያን ዓይነት መለየት፦ መጀመሪያ ኤም3ን ፈልጉ

አኪዩት ማየሎይድ ሉኪሚያ (በፍጥነት የሚባባስ የደም ካንሰር፤ ከኤም0 እስከ ኤም7 በሚባሉ ዓይነቶች ይከፈላል) ሲጠረጠር ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ኤም3 ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ነው። ኤም3 ወይም አኪዩት ፕሮማይሎሲቲክ ሉኪሚያ የደም መርጋትን ያዛባል፤ ታካሚው አንጎሉ ውስጥ በሚፈስ ደም በሰዓታት ሊሞት ይችላል። ከተደረሰበት ግን ከሁሉም የተሻለ የመዳን ዕድል ያለው እሱ ነው።

ስሚሩ (በመስታወት ላይ በስሱ የሚሰራጨው ደም) ከተቀዳ ብዙ ካልቆየ የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ደም ይሠራ። ደሙ ሰዓታት ካለፉት ጤነኛው ሞኖሳይት (አንዱ የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) ሳይቀር ቅርጹ ተበላሽቶ ብላስት (ገና ያልበሰለ የደም ሕዋስ) ሊመስል ይችላል። ራይት ወይም ጊምሳ የተባለው ቀለም ከተቀባ በኋላ ከደም 200 ነጭ ሕዋሳት፣ ከመቅኔ ደግሞ 500 ኒውክለስ ያላቸው ሕዋሳት ይቆጠሩ። ትልልቆቹ ሕዋሳት ወደ ስሚሩ ጭራ ስለሚገፉ እሱንም ማየት ያስፈልጋል።

የኤም3 ሕዋስ በቅንጣት የተሞላ ነው፤ አውር ሮዶቹ (በሕዋሱ ውስጥ ያሉ በትር መሰል ነገሮች) እንደ ጭራሮ እስር ተደራርበው ሊታዩ ይችላሉ። አሳሳቹ ቅንጣቱ የማይታይበት ዓይነት ነው፦ ነጭ ደሙ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል፣ ኒውክለሱ ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ ሞኖሳይት ይመስላል። እዚህ ላይ የሚያድነው የማይሎፐሮክሲዴዝ ቀለም ነው፤ በኤም3 በጣም ይደምቃል፣ በሞኖሳይት ግን ደካማ ነው ወይም የለም። በፍሎው ሳይቶሜትሪ (የሕዋስ ምልክቶችን በሚለየው ምርመራ) ሲዲ34 እና ኤችኤልኤ-ዲአር የተባሉት ምልክቶች ብዙውን ጊዜ አይታዩም። የኤንፒኤም1 ጂን ለውጥ ያለበት ሉኪሚያም እንዲሁ ሊሆን ስለሚችል በዚህ ብቻ አይወሰንም።

ጥርጣሬው ከተነሳ ለሐኪሙ ወዲያው ይደወል። ኦል-ትራንስ ሬቲኖይክ አሲድ፣ በአጭሩ አትራ፣ የጂን ውጤት ሳይጠበቅ ይጀመራል፤ ደም የሚያረጋው ፕሮቲን ፋይብሪኖጅንም ሳይዘገይ ይለካል።

ወደሌሎቹ ስንመጣ፣ በኤም4 እና ኤም5 ፕሮሞኖሳይት (ያልበሰለ ሞኖሳይት) ከብላስት ጋር አብሮ ይቆጠራል። ይህ ሲረሳ ቁጥሩ ሉኪሚያ ለማለት ከሚያስፈልገው የብላስት ገደብ በታች ይወርድና ምርመራው ይስታል። የድድ እብጠት ካለ እነዚህን ይጠርጥሩ። ኤም7 የመቅኔ ጠባሳ ስለሚያስከትል የመቅኔ መቅጃ መርፌው ባዶ ሊወጣ ይችላል፤ ባዮፕሲ እና የሲዲ41 እና ሲዲ61 ምልክቶች ምርመራ ይታዘዙ። ኤም0 በማይክሮስኮፕ ብቻ ከሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ አይለይም።

የኤም ቁጥሮቹ እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረና በኋላ ኤም7 እና ኤም0 የተጨመሩበት አከፋፈል ናቸው፤ በቂ አይደሉም። በዚያ አከፋፈል ገደቡ 30 በመቶ ብላስት ነበር፣ ዛሬ በጠቅላላው 20 ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የ2022 እ.ኤ.አ. አመዳደብ ደግሞ የክሮሞሶም 8 እና 21 ልውውጥ፣ የክሮሞሶም 16 ክፍል መገልበጥ ወይም የኤንፒኤም1 ለውጥ ከተገኘ 20 ባይሞላም ሉኪሚያ ነው። ስለዚህ ናሙናው ከኬሞቴራፒ በፊት ይወሰድ፦ ለክሮሞሶም በሄፓሪን ቱቦ፣ ለጂን በኢዲቲኤ፤ ሄፓሪን ፒሲአርን (ጂን የሚያባዛውን ምርመራ) ያደናቅፋል።