ጀማሪ ስኳዳችሁ ውስጥ ሲገባ

ፐብጂ ሞባይል የሚባለው የስልክ የተኩስ ጌም ላይ መጀመሪያ ስኳድ (የአራት ሰው ቡድን) የገባሁበትን ምሽት አልረሳውም። ሦስቱንም ልጆች አላውቃቸውም። ከአውሮፕላኑ ዘለው ፖቺንኪ የሚባለው ከተማ ወረዱ። እኔ መቼ እንደምዘል ግራ ገብቶኝ ዘገየሁና ሜዳ ላይ ብቻዬን አረፍኩ። እየሮጥኩ ስደርስ አንዱ በማይክ «ኧረ ዛሬ ምን ዓይነቷን ነው የጣለብን!» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ጌሙን ዘግቼ ሁለት ወር አልከፈትኩትም። ጀማሪ ሲደርሰኝ ያ ምሽት ትዝ ይለኛል።

መጀመሪያ ጠይቁት። «ስንተኛ ጊዜህ ነው?» በቂ ነው። ገና ከሆነ ቀጥታ ኤራንግል የሚባለው ትልቅ ካርታ አትውሰዱት። ኤራንግል 8 በ8 ኪሎ ሜትር ነው፣ 100 ሰው ይወርድበታል። ጀማሪው ብዙ ደቂቃ ሲሮጥ ቆይቶ ካላየው ሰው በተተኮሰ ጥይት ይወድቃል። ምንም አልተማረም። የአክስቴን ልጅ ያስጀመርኩት በቲም ዴዝማች ነው። 4 ለ4 ነው፣ ቀድሞ 40 የገደለ ያሸንፋል፣ የሞተ ወዲያው ይመለሳል። ጣቱ እስኪለምድ ሦስት ዙር ተጫወትን። ከዚያ ሊቪክ የሚባለው ትንሽ ካርታ ገባን፤ 2 በ2 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

አውሮፕላኑ ላይ እናንተን «ፎሎው» እንዲያደርግ ንገሩት። አብሯችሁ ያርፋል። ሰው የሚበዛበት ቦታ አትውረዱ። ራንካችሁ (ደረጃችሁ) ለአንድ ምሽት ቢቆም ምንም አይደል።

ቅያሜ የሚጀምረው ሉት (መሣሪያና ዕቃ መልቀም) ላይ ነው። ጀማሪው የሚያስፈልገውን ስለማያውቅ ቦርሳውን በማይሆነው ጥይት ይሞላል። ኤኬኤም ጠመንጃ ከያዘ 7.62 ጥይት፣ ኤም416 ከያዘ 5.56 በሉት። ሌላውን ቀስ ብሎ ይደርስበታል። እሱ የገባበት ቤት ገብታችሁ አትሻሙት፣ ጎረቤት ያለውን ቤት ፈትሹ። የተሻለ ሄልሜት ካያችሁና እናንተ ካላችሁ ምልክት አድርጉለት። ፈርስት ኤይድ ሁለት ካላችሁ አንዱን እግሩ ሥር ጣሉና «ውሰድ፣ ያንተ ነው» በሉት፤ ካልነገራችሁት ማንሳት ይፈራል። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀርበው ለእሱ ነው። እዚህም እንደዚያው።

ማይክ ላይ «እዛ ጋ! እዛ ጋ!» ማለት ለማንም አይጠቅምም። ከላይ ያለውን የኮምፓስ ቁጥር አሳዩትና «240 ላይ፣ ከዛፉ ጀርባ» ማለትን አስለምዱት። እኔ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰርቨር ላይ ስለምጫወት ብዙ ጊዜ አረብኛ ተናጋሪዎች ይደርሱኛል። ያኔ ቃል አያስፈልግም፣ ካርታው ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ተኩስ መሃል ግን አታስተምሩ። ስህተቱን ያዙለትና ሲያልቅ አንዷን ብቻ ንገሩት።

ሲወድቅ «ለምን ወጣህ?» አትበሉት። መውጣት እንዳልነበረበት ወድቆ አውቆታል። «ወደ ግድግዳው ና» በሉት። ጭስ ወርውሩ፣ ከዚያ ሪቫይቭ አድርጉት (ከወደቀበት አንሱት)። ማንሳት 10 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ ያለ ጭስ ሁለታችሁም ልትቀሩ ትችላላችሁ። መድረስ ካልቻላችሁ ዝም አትበሉ፤ «አልደርስልህም፣ ይቅርታ» በሉት። እናንተ ቀድማችሁ ከሞታችሁም ጥላችሁት አትውጡ። እያያችሁት ዞኑ (የመጫወቻው ክልል) ወዴት እንደሚጠብ ንገሩት። ለጀማሪ ብቻውን መቅረት ከመሞት ይከብዳል።

ደግሞ የእኛን ሀገር ነገር ታውቃላችሁ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ልጁ ድንገት ቀጥ ብሎ ከቆመ ከመሳደባችሁ በፊት ጠብቁት። ካልተገደለ ተመልሶ መግባት ይችላል። አጠገቡ ቆማችሁ ጠብቁለት። የአክስቴ ልጅ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆኖ ተመልሷል፤ ሁለቴም መጀመሪያ ያለው «አለሽ እንዴ?» ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ጓደኛ አድርጉትና ቀጥራችሁት ውጡ። እኔ «ነገ ማታ 3 ሰዓት ትገባለህ?» ነው የምለው።