ኒውክለር ጌጅ ሲጠፋ ወይም ሲሰበር፦ ሪፖርት ስናደርግ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሳይቶች ላይ የኮምፓክሽን ቴስት፣ ማለትም አፈሩና አስፋልቱ በደንብ መጠቅጠቁን የሚለኩ ወገኖች አሉ። ለዚህ በፒክአፕ ይዘውት የሚዞሩት መለኪያ መሣሪያ፣ ኒውክለር ጌጁ ውስጥ ሁለት የጨረር ምንጮች አሉበት። ሥልጠና ላይ አያያዙን በደንብ ይማራሉ። ችግር ሲፈጠር ለማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ መናገር እንደሚገባ ግን በጥድፊያ ይታለፋል። አዳዲስ ልጆች ሳሠለጥን እየደጋገምኩ የማየውን ልጻፍ።

«መጀመሪያ ልፈልገው»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ልጁ ምሳ ሊበላ መኪናውን ያቆማል። ሲመለስ ሰንሰለቱ ተቆርጧል፣ ጌጁ ከነሣጥኑ የለም። ምን ያደርጋል? ሰፈሩን በመኪና ይዞራል። ረስቼው ይሆናል ብሎ ወደ ሳይቱ ይመለሳል። ጓደኛው ጋ ደውሎ «ምን ይሻለኛል?» ይላል። ከዚያ አመሻሽ ላይ የእኔ ስልክ ይጮሃል፤ «ጋሼ፣ ጌጁ የለም።»

እባካችሁ፣ እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። የፌዴራሉ ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ጌጅ የሚለው ግልጽ ነው፦ መጥፋቱ እንደታወቀ ወዲያውኑ በስልክ ይነገር። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የመደወል ግዴታ ያለበት ላይሰንሱን የያዘው ድርጅት ነው፤ የሚደውለውም አብዛኛውን ጊዜ የጨረር ደህንነት ኃላፊው ነው። ኃላፊው ግን እናንተ ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል? ሌባው ደግሞ የያዘውን አያውቅም። የሚሸጥ ዕቃ መስሎት ነው የወሰደው። አልሸጥ ሲለው ወይ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ይጥለዋል፣ ወይ ሊፈታታው ይሞክራል። እናንተ ሰፈር ለሰፈር ስትዞሩ ያለፈው ሰዓት ፖሊስ፣ ዕቃ በመያዣ ይዘው የሚያበድሩ ሱቆችና የቁርጥራጭ ብረት ገዢዎች ሊነገራቸው ይችል የነበረበት ሰዓት ነው። መፈለግ ክፉ አይደለም። ከስልኩ በኋላ ይሁን ነው የምላችሁ።

ልጆቹ ለምን እንደሚዘገዩ ይገባኛል። ሥራዬን አጣለሁ፣ ወረቀቴ ይበላሻል፣ ስሜ ይጠፋል ብለው ይፈራሉ። እውነቱን ልንገራችሁ። ጌጁን በሁለት የተለያዩ መቆለፊያዎች ባለማሰራችሁ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፤ ሕጉ ጌጁ ከዓይናችሁ ሲርቅ ሁለት ይጠይቃል። የደህንነት ችግር ስላሳወቃችሁ ግን አሠሪያችሁ ሊቀጣችሁ አይችልም። ይሄ ጥበቃ በቢሯችሁ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያለበት፣ የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ የኒውክለር ሬጉላቶሪ ኮሚሽን «ፎርም 3» ላይ ተጽፏል። ቆማችሁ አንብቡት።

ቦታውን መቀየር

አፓርታማ በር ላይ አድሮ የተሰረቀውን «ሳይት ላይ ነው የጠፋው» ማለት። ፖሊስ በሌላ ከተማ ሲፈልግ ይውላል። ደግሞም ሆን ብሎ ሐሰት መናገር ድርጅቱን ብቻ ሳይሆን እናንተን በግላችሁ ያስጠይቃል። ቡና ልትጠጡ ቆማችሁ ከሆነ፣ ቡና ልጠጣ ቆሜ ነበር በሉ።

«ትንሽ ምንጭ ናት፣ ምን ያስቸኩላል?»

በሰፊው የሚሠራበት ጌጅ ያሉት ሁለት የጨረር ምንጮች 8 ሚሊኪዩሪ (የጨረር ምንጭ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ሲዚየም-137 እና 40 ሚሊኪዩሪ ገደማ አሜሪሲየም-241 ናቸው። ሁሉም የሚያወራው ስለ ሲዚየሙ ነው። ሪፖርቱን የሚያስቸኩለው ግን አሜሪሲየሙ ነው። ወዲያውኑ ለማስደወል የተቀመጠው የአሜሪሲየም ወሰን በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ፣ 1 ማይክሮኪዩሪ (የሚሊኪዩሪ አንድ ሺኛ) ያህል እንኳ ሰው ሊደርስበት በሚችል ሁኔታ ቢጠፋ ወዲያውኑ ያስደውላል። ጌጃችሁ የያዘው የዚህን 40,000 እጥፍ ነው።

911 ደውሎ መጨረስ

ፖሊስ ማወቁ ተቆጣጣሪው ማወቁ አይደለም። ለሁለቱም ይነገራል።

የተሳሳተ ቢሮ

ይሄ የእኛ አካባቢ ልዩ ፈተና ነው። ጠዋት ሮክቪል፣ ከሰዓት ዲሲ፣ ማታ አሌክሳንድሪያ ትሠራላችሁ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከፌዴራል መንግሥት ጋር ተስማምተው የራሳቸውን ቁጥጥር ያካሂዳሉ፤ ሜሪላንድ በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቷ፣ ቨርጂኒያ በጤና መምሪያዋ በኩል። ዲሲ ግን እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም፣ እዚያ በቀጥታ የኒውክለር ሬጉላቶሪ ኮሚሽኑ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሆነው በፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ብቻ የሚተዳደሩ ቦታዎችም ወደ ኮሚሽኑ ይሄዳሉ። የሦስቱንም የአደጋ ጊዜ ስልክ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ሰነዱን ከጌጁ ጋር ብቻ መያዝ

ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠየቁት ሞዴሉን፣ ሴሪያል ቁጥሩን፣ የምንጮቹን ዓይነትና መጠን ነው። ሴሪያል ቁጥሩ የት አለ? ጌጁ ላይ። የማጓጓዣ ወረቀቱስ? መኪናው ውስጥ። መኪናው ከነጌጁ ሲነዳ በእጃችሁ የሚቀር የለም። ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አኑሩ፣ አንድ ኮፒም ቢሮ ይቀመጥ።

ማሽን ሲወጣበት «ገለል አድርገው»

አንድ ቀን ሮለር ወደኋላ ሲመለስ ጌጁ ላይ ወጣበት። ፎርማኑ «አስፋልቱ እየቀዘቀዘ ነው፣ አንሳው!» አለ። ቴክኒሻኑም እጀታውን ይዞ እየጎተተ መኪናው ጋ አደረሰው፤ ሮለሩም ሥራውን ቀጠለ። በጨረር መለኪያ ስናየው ምንጩን ወደ መሬት የሚያወርደው ዘንግ ጎብጧል እንጂ ምንጩ የታሸገበት እንክብል አልተሰነጠቀም ነበር። ተሰንጥቆ ቢሆን ኖሮ ግን ሮለሩ መንገዱን ሁሉ ይበክለው ነበር። ስለዚህ የተነጠፈውን መንገድ፣ የሮለሩን ጎማና የልጁን ጫማ ሁሉ መለካት ግድ ሆነ።

ማሽኑ ባለበት ይቁም። ሰው ሁሉ ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ። እናንተ ከቦታው አትጥፉ፤ ሌላ ሰው ይደውል። ዘንጉ ወደ ውስጥ ገብቷል ወይስ ወጥቶ ቀርቷል? የጨረር ደህንነት ኃላፊው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይሄን ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት በአብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ሪፖርት ይደረጋል፤ ያንን የሚወስነው ግን ፎርማኑ አይደለም።

ሣጥኑን ሳይከፍቱ መፈረም

በጥር 2023 በምዕራብ አውስትራሊያ 6 በ8 ሚሊሜትር የሆነች የሲዚየም እንክብል ከማዕድን ማውጫ ወደ ፐርዝ ስትጓጓዝ ከመሣሪያው ወልቃ መንገድ ላይ ወደቀች። ጭነቱ ጥር 16 ፐርዝ ደረሰ። የተከፈተው ግን ጥር 25 ነው። ሪፖርት ተደርጎ ለሕዝብ ከተነገረ በኋላ 1,400 ኪሎ ሜትር መንገድ ተፈልጎ የካቲት 1 ከመንገዱ ዳር ተገኘች፤ ቀኖቹ በፈረንጆች ነው። ያላዩትን ሪፖርት ማድረግ አይቻልም። ጌጁን ስትረከቡም ስትመልሱም ክፈቱ፣ ከዚያ ፈርሙ።

ደውሎ መርሳት

ስለ ጠፋ ጌጅ በስልክ ከተነገረ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የጽሑፍ ሪፖርት አለ፤ ዘግይቶ የተገኘ መረጃም ይጨመራል። ጌጁ ሲገኝ ደግሞ እንደገና ይደወላል። ሰዎች እዚህ ላይ በደስታ ተነስተው በማግስቱ ሳይት ይወስዱታል። አትውሰዱት። ማን እንደነካው፣ ወድቆ እንደሆነ አታውቁም። የሊክ ቴስቱ፣ ማለትም ከምንጩ የሚያፈስ ነገር መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ጌጁ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ ይቆይ።