ጓያ የምትበሉ ከሆነ ውሃውን ድፉት

ጓያ እግር ያሽመደምዳልና አትብሉ ብሎ መምከር ቀላል ነው። የአተርና የሽምብራ ዋጋ አልቀመስ ባለበት ጊዜ ግን ምክሩ ብዙም አይሠራም። ከገበያ በምትገዙት ሽሮ ውስጥም ጓያ ተደባልቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚበላ ሰው እንዴት አድርጎ ይብላው የሚለውን እናውራ።

በመጀመሪያ እንፋሎቱን ተዉት። በየገጠሩ ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ ይሰብራል፣ ማሳው ውስጥ ማለፍ ያሽመደምዳል ሲባል ትሰማላችሁ። ልክ አይደለም። መርዙ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው፣ ስሙ ኦዳፕ ይባላል፣ የሚጎዳውም ሲበላ ነው። እንፋሎቱን ሸሽቶ ንፍሮውን የሚበላ ሰው የሸሸው የሌለ ነገር ነው። ደግነቱ ኦዳፕ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ዘዴው በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ጓያውን ልቀሙና ከተቻለ ክኩት፤ ካልተከካ ቆዳው ውሃ እንደልብ አያስገባም። ለአንድ ጣሳ ክክ አምስት ጣሳ ያህል የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ክደኑና እስኪነጋ ተዉት። ጠዋት ውሃውን ድፉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ «ጣዕሙ ይሄድብኛል» ብሎ በዘፈዘፈበት ውሃ ይቀቅለዋል፣ ያ ደግሞ የወጣውን መርዝ መልሶ ድስት ውስጥ መክተት ነው። ለከብትም አትስጡት፣ በተለይ ፈረስ በጓያ ክፉኛ ይጎዳል። ከዚያ ክኩን አለቅልቁ፣ ሌላ ሙቅ ውሃ ጨምሩ፣ ጥቂት ሰዓት ቆይታችሁ ይህንንም ድፉ። በአዲስ ውሃ ቀቅሉና የተቀቀለበትንም አጥልሉ። ቪታሚኑም አብሮ ይሄዳል፤ ይሂድ። በዚህ መንገድ አብዛኛው መርዝ ይወጣል፣ ሁሉም ግን አይወጣም።

ለሽሮ ከሆነ ከተዘፈዘፈ በኋላ ፀሐይ ላይ ድርቅ እስኪል አስጡት፣ ከዚያ አምሱና አስፈጩት። በክረምት አትሞክሩት፣ ይሻግታል። ዝም ብሎ ማመስ ብቻውን አይበቃም።

ታዲያ ይህ ዘዴ ለማንኛውም መርዛማ ዕፅ ይሠራል እንዳትሉ። ኮሶን ውሰዱ፦ ትሉን የሚገድለውና ሰውን የሚጎዳው ያው ራሱ ኮሶው ነው፣ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እስከማጥፋት ደርሷል። ዘፍዝፎ መርዙን ለይቶ መድኃኒቱን ማስቀረት የሚባል ነገር የለም።

ወደ ጓያ ስንመለስ፣ ከአዘገጃጀቱ እኩል መጠኑ ወሳኝ ነው። አልፎ አልፎ በሽሮ መልክ የሚበላው ሰው ላይ ችግሩ እምብዛም አይታይም። አደጋው የሚመጣው ጓያ ከዕለት ምግባችሁ ሲሶውን አልፎ እንደዚያው ሁለት ሦስት ወር ሲቀጥል ነው። ለዚህም ነው በሽታው ድርቅን ተከትሎ የሚመጣው፣ ሌላው ሰብል ሲጠፋ ጓያ ብቻውን ይቀራላ! እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ወሎ ውስጥ ደላንታ አካባቢ የሆነውም ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የተደረገ ጥናት ያሳየው ነገር ለጓዳችን በጣም ይጠቅማል፦ ቆሎው፣ ንፍሮውና ጥሬው እሸት አደጋውን ሲጨምሩ፣ ሽሮ ወጡና የቦካው እንጀራ ግን ያን ያህል አልጎዱም። ጓያው ላይ ከሲሶ በላይ እህል መቀላቀል፣ ወጡ ውስጥም ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መጨመር አደጋውን በግልጽ ቀንሶታል። ስለዚህ ጤፍ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ያላችሁን ቀላቅሉ። ልጆች፣ በተለይ ከብት ጠባቂዎች፣ እሸቱን ማሳ ላይ እየጠረጠሩ እንዳይውሉ ንገሯቸው፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ማንም አያያቸውም። በሽታው ደግሞ ይበልጥ የሚያጠቃው ወጣት ወንዶችን ነው።

ባት ከተኮማተረ፣ እግር ከከበደ ወይም ከደረቀ፣ ስትራመዱ ጉልበታችሁ እየተጋጨ በጣታችሁ መርገጥ ከጀመራችሁ ጓያውን በዚያው ቀን አቁሙና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ነገ ዛሬ አትበሉ። በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ ሰው መብላቱን ከቀጠለ ወደ ሁለት ምርኩዝ፣ ከዚያም ወደ መዳህ ሊደርስ ይችላል፣ የተጎዳውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒትም የለም። ፀበልም ሂዱ፣ ወጌሻም ጥሩ፣ ግን መጀመሪያ ጓያው ከቤት ይውጣ።

ለምትዘሩ ደግሞ፣ «ዋሴ» የሚባል መርዙ ያነሰ የተሻሻለ ዝርያ አለ፣ የግብርና ባለሙያችሁን ጠይቁ። ያነሰ ነው እንጂ የሌለው አይደለም፣ እሱንም ዘፍዝፉት።