በስፔስ የተደረደረው የዋጋ ዝርዝር ኢሜይል ላይ ሲዛነፍ

ኖትፓድ ላይ በስፔስ የተስተካከለ ዝርዝር ጂሜይል ውስጥ ሲከፈት ይዛነፋል። ጥፋቱ የፎንት (የፊደሉ መልክ) ነው። የአማርኛ ፊደል ስፋቱ እኩል አይደለም፤ «ጨ»ንና «ነ»ን አስተያዩ። በዚያ ላይ ኤሪያልን በመሰለ ፎንት አንድ ስፔስ የአንድ አኃዝ ግማሽ ብቻ ነው። ታብም አያዋጣም፣ ርዝመቱ እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል።

የሠራው ዘዴ፦ ቁጥሩን ወደ ፊት ማምጣት፣ ጎዶሎውን በዜሮ መሙላት፣ የዕቃውን ስም መጨረሻ ላይ መጣል።

0450 ብር - በርበሬ
1200 ብር - ቅቤ
0085 ብር - ሽንኩርት

አኃዞች በአብዛኛው ፎንት እኩል ስፋት ስላላቸው ዓምዱ አይናጋም። ዜሮው ለዓይን አያምርም፤ ይሁን። መስመሩ ከ78 ምልክት ካለፈ ግን አንዳንድ ፕሮግራም ራሱ ቆርጦ ወደ ቀጣዩ መስመር ያወርደዋል፤ ረጅም ማብራሪያ ካለ ከዝርዝሩ በታች ይጻፍ።